የ«ሮይስ ሣርና ግቢ» ባለቤት ማነው?

ኦክቶበር 7፣ ሰኞ

ቬርና ደወለች። የድርጅታችንን ሒሳብ የምትሠራው ቬርና ናት፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ሃይስኩል እያለን አጠገቤ ተቀምጣ የምታንቀላፋው ቬርና።

«ግሌንዳ፣ የላክሁልሽን ደብዳቤ አነበብሽው?»

አላነበብኩትም። የማዳበሪያ ካታሎግ ተጭኖት ነበር። አውጥቼ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ አነበብኩት። መንግሥት አዲስ ደንብ አውጥቷል። የተመዘገበ ትንሽ ድርጅት ሁሉ፣ ፀጉር ቤትም ሆነ ቧንቧ ሠራተኛ፣ እንደኛ ያለ ሣር አጫጅም ቢሆን፣ እውነተኛ ባለቤቱ ማን እንደሆነ እስከ ጃንዋሪ አንድ ማሳወቅ አለበት። ስም፣ የልደት ቀን፣ የቤት አድራሻ፣ የመንጃ ፈቃድ ፎቶ። ያላሳወቀ በየቀኑ ይቀጣል፤ ሆነ ብሎ የዋሸ ሊታሰር ይችላል። ሌቦች በወረቀት ላይ ብቻ ባለ ድርጅት ጀርባ እየተደበቁ ስላስቸገሩ ነው አለች ቬርና። እኛ የምንደበቀው ከደንበኛችን ከሚስስ ኦስተርሃውት ብቻ ነው፤ ሮይስ ጽጌረዳዋን ከአረም ጋር አብሮ ስላጨደባት።

«የኛ ቀላል ነው» አልኳት። «ባለቤቱ ወንድሜ ነው። መኪናው ላይ ተጽፏል እኮ።»

«መኪናው ላይ ምን ተጻፈ አይደለም የሚሉት። ሩብ ድርሻ ያለው ሰው ሁሉ ይጻፍ፤ ድርሻ ባይኖረውም ዋና ዋናውን ነገር የሚወስን ሰው ይጻፍ ነው የሚሉት። ሰው የሚቀጥረው ማነው? ዋጋ የሚቆርጠው? ማሽን የሚገዛው?»

«እኔ ስልክ ነው የማነሳው።»

እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። ምኑ እንዳሳቃት አልገባኝም።

ኦክቶበር 11፣ ዓርብ

ሮይስ ዛሬ የሰው ሣር አጨደ። የሰው ሣር ማጨድማ ሥራችን ነው፤ ይሄኛው ግን ያልተዋዋልነው ሰው ነው። ኤልም መንገድ 214 መሄድ ሲገባው 241 ገብቶ፣ ጥርት አድርጎ አጭዶ፣ ጠርዙን ከርክሞ ወጣ። የቤቱ ሰውዬ ደውሎ «ማን ላካችሁ?» ሲለኝ «ከኛ ስጦታ ነው» አልኩት። ደስ ብሎት ለመጪው ዓመት ተመዘገበ።

በዚህ ወር ሁለተኛው ነው። ቁጥሮቹ ይመሳሰላሉ። ማንም ይሳሳታል።

ኦክቶበር 16፣ ረቡዕ

ዝናብ ስለሆነ ሥራ የለም። ቅጹን ደጋግሜ አነበብኩት። «እውነተኛ ባለቤት» የምትለዋ ቃል እንደ ጠጠር ጫማዬ ውስጥ ገብታለች።

ለራሴ ልጻፈው፤ ማንም አያየውም። በ2006 ድርጅቱን ስንመዘግብ እኔ ከዳሪል ጋር ፍቺ ላይ ነበርኩ። የመጀመሪያዋን ፒክአፕና ሁለቱን ማጨጃዎች የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሥራዬን ለቅቄ፣ ባጠራቀምኩት። ስሜ ወረቀት ላይ ከገባ ግን ዳሪል ማጨጃውን ለሁለት ሰንጥቆ ግማሹን ይወስድ ነበር፤ እንደዚያ ዓይነት ሰው ነበር። ስለዚህ ሮይስ «በኔ ስም ይሁን። ግማሹ ያንቺ ነው፤ ሰላም እስኪሆን እኔ ልያዝልሽ» አለ። ፒክአፗ ኋላ ላይ ተቀምጠን ተጨባበጥን።

ሰላም ከሆነ አስራ ሰባት ዓመት አለፈው። ዳሪል ፍሎሪዳ ጀልባ እየሸጠ ነው፤ ለገና ካርድ ሁሉ ይልክልኛል። እኔና ሮይስ ግን ነገሩን አንድ ቀን አንስተነው አናውቅም። እሱ አላነሳም። እኔም አልጠየቅሁም። የማን ጥፋት እንደሆነ ሳስብ ውዬ፣ የራሴ ነው ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ ደግሞ የሱም ነው አልኩ።

ኦክቶበር 22፣ ማክሰኞ

ለሮይስ ነገርኩት። ጋራዡ በር ላይ ሳንድዊቹን ይገምጣል።

«መንግሥት ባለቤቱ ማነው እያለ ነው» አልኩት።

«የምኑ?»

«የሣሩ።»

«ሣሩማ የደንበኞቹ ነው። እኛ ፀጉር አስተካካይ ነን።»

«ሮይስ፣ የምሬን ነው። ቅጽ አለ። እውነተኛዎቹን ባለቤቶች ጻፉ ይላል።» «ባለቤቶች» የምትለዋ ላይ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ሰምቶ እንደሆነ አላውቅም። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ የኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

«አስብበታለሁ» አለ።

ኦክቶበር 24፣ ሐሙስ

ሮይስ፦ «ያ የመንግሥት ወረቀት ያልሽኝ ምን ነበር?»

እኔ፦ «ከትናንት ወዲያ ነገርኩህ እኮ።»

ሮይስ፦ «አዎ፣ አዎ። ነግረሽኛል።»

«አልነገርሽኝም» ሊለኝ የፈለገ ይመስላል። መልስ ላለመስጠት ነው። ስድሳ አራት ዓመት ሙሉ አውቀዋለሁ ልል ነበር፤ እኔ ግን አምስት ዓመት ዘግይቼ ነው የተወለድኩት። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት አውቀዋለሁ። እንዲህ ተንኮለኛ አልነበረም።

ኦክቶበር 29፣ ማክሰኞ

ዘር መሸጫው ሱቅ ከመደርደሪያው ወዲያ ሁለት ሰዎች ያወራሉ። አንዱ ከተማው ማዶ ያለው ትልቁ የሣር ድርጅት ዋጋ ገማች ነው። እኔ ከበረዶ ማቅለጫ ጨው ከረጢቶቹ ጀርባ ጎንበስ ብዬ ነበር።

«ሮይስ ድርጅቱን ሊሸጥ ነው መሰለኝ።»

«ማን አለ?»

«ሚስቱ ኮሊን ናታ። እንዲህ ዓይነት ድርጅት በገበያው ስንት ያወጣል ብላ ጠየቀችኝ።»

የመጣሁበትን ዘር ሳልገዛ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ገብቼ ሙሉ የዶናት ካርቶን ጨረስኩ። ለሠራተኞቹ የገዛሁት ነበር።

ስለዚህ ነው ለካ ወረቀቱን ኪሱ የከተተው።

ኖቬምበር 3፣ እሑድ

ከቤተክርስቲያን መልስ። ውጭው ፀሐይ ነው፤ የሜፕሉ ዛፍ ቅጠል ወርቅ መስሎ ጓሮዬን ሸፍኖታል፤ የራሴን ቅጠል ለመጥረግ ግን ጉልበት የለኝም። ቁጭ ብዬ ልጻፍ።

ተናድጃለሁ። ብዙ ሰው የተናደደበትን ሰው ክፋት ይቆጥራል፤ እኔም ልቁጠር ብዬ ተነሣሁና የሮይስን የሰሞኑን ነገር አሰብኩ። ማክሰኞ ቅጠል በነፋስ የሚጠርገው መንፊያ የት ነው ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ሦስቱንም ጊዜ ጀርባው ላይ አዝሎት ነበር። ሦስተኛው ላይ ስስቅ እሱም ሳቀ። ረቡዕ ኤሊሴዎን «ተርነር» ብሎ ጠራው። ኤሊሴዎ ዋና ሠራተኛችን ነው፤ አስራ አንድ ዓመት አብሮን አለ። ተርነር ደግሞ ኤሊሴዎ ሳይመጣ በፊት የወጣ ሰው ነው። ሁለቱም ረጃጅሞች ናቸው፤ ለዚያ ነው። ተርነር ግን ቀይ ፀጉር ነበረው፤ ደግሞም ያን ያህል ረጅም አልነበረም።

ይሄ ክፋት አይደለም። የሰው ሐሳብ ሌላ ቦታ ሲሆን እንዲህ ይሆናል። ሐሳቡ ሽያጩ ላይ ነው።

ፊት ለፊት ልጠይቀው ይገባኛል። «ሮይስ፣ የኔ ግማሽ የታለ?» አምስት ቃል እንኳን አይሞላም። መስታወት ፊት ቆሜ ሞከርኩት። ጥርሴን የምነቅል መሰልኩ።

ኖቬምበር 8፣ ዓርብ

ቅጠል። ቅጠል። ቅጠል። ዛሬ አስራ አራት ቤት። አንዱ መንፊያ ተቃጠለ፤ አዲስ አዘዝኩ። ሁለት ሰው ቀጠርኩ እስከ ገና። የቤተክርስቲያኑን ውል አደስኩ፣ ዋጋ ጨመርኩ፣ እሺ አሉ። ቬርና ደወለች፦ «ቅጹስ?» ጊዜ የለኝም። እኔ ስልክ ነው የማነሳው።

ኖቬምበር 14፣ ሐሙስ

ኮሊንን ሱፐርማርኬቱ ውስጥ፣ ዱባዎቹ አጠገብ አገኘኋት። ጥሩ ሰዓት መስሎኝ ገባሁበት።

«ልትሸጡ ነው ሲሉ ሰማሁ።»

ዱባውን አስቀምጣ አየችኝ። «ወንድምሽን ጠይቂው።»

«እሱማ ምን ይነግረኛል።»

«ቀኑን ሙሉ አብረሽው የምትውይው አንቺ ነሽ። አንቺ ንገሪኝ እንጂ።»

ይሄን ብላ ጋሪዋን ገፍታ ሄደች። ዱባውን ትታው። ሠላሳ አምስት ዓመት እህቴ ሆና ኖራ እንዲህ ተናግራኝ አታውቅም። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ጥፋተኛ ሰው ዓይኑ ይቀላል።

ኖቬምበር 21፣ ሐሙስ

የሮይስን መኪና ለዘይት ቅያሪ ልወስድ ገባሁ። የፀሐይ መከላከያውን ሳወርድ የቀኑ ደንበኞች ዝርዝር ተለጥፎ አገኘሁ። እያንዳንዱ ቤት፣ ቁጥሩ፣ የበሩ ቀለም፦ «ሰማያዊ በር። ፖስታ ሳጥኑ ላይ ዳክዬ።» ጽሕፈቱ የኤሊሴዎ ነው።

ኤሊሴዎን ጋራዡ ውስጥ አገኘሁት።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ባርኔጣውን አወለቀ። «ከፀደይ ጀምሮ ነው፣ ሚስ ግሌንዳ።»

«ለምን?»

«እርስዎ ያውቃሉ ብዬ ነው።» ባርኔጣውን እያገላበጠ «ማታ ማታ ዞሬ አያለሁ። የቀረ ካለ እሠራዋለሁ። ደንበኛ አልጠፋብንም» አለ።

ኤሊሴዎ ጥንቁቅ ሰው ነው። ሁልጊዜም ጥንቁቅ ነበር።

ኖቬምበር 29፣ ዓርብ

ትናንት የምስጋና ቀን ነበር፤ እንደ ሁልጊዜው ሮይስ ቤት። ላለመሄድ አስቤ ነበር፤ ከዚያ የኮሊንን የበቆሎ ዳቦ አሰብኩና ሄድኩ። የኮሊን እናትና ሁለት እህቶቿም አሉ።

ሮይስ ጸሎት አደረሰ። የተርኪ ዶሮው ጥብስ ዞረ፣ ድንቹ ዞረ፣ ሹካ አነሣን። ሮይስ እጁን ዘርግቶ «እንጸልይ» አለ። ያንኑ ጸሎት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደገመው። 

«ሮይስ፣ እግዜር በመጀመሪያውም ሰምቶሃል!» ብዬ ሳቅሁ።

ሮይስም ሳቀ። ሌላ ማንም አልሳቀም። ኮሊን ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች፤ ውሃው ሲፈስ ሰማን፤ ለረጅም ጊዜ።

የሰው ቀልድ አይገባቸውም። እኛ ቤት ስንቀልድ ነው ያደግነው።

ዲሴምበር 4፣ ረቡዕ

እልል! አንድ የቴክሳስ ፍርድ ቤት ደንቡን አገደው። ቬርና ስልኩ ላይ እየጮኸች ነገረችኝ። ለጊዜው ማንም ምንም መሙላት የለበትም። ለሠራተኞቹ ኬክ ገዛሁ። ኤሊሴዎ «የማን ልደት ነው?» አለኝ። «የማንም!» አልኩት።

ከእንግዲህ ሮይስን መጠየቅ አያስፈልገኝም። ቅጹ ነበር ያስጨነቀኝ። ቅጹ ብቻ።

ዲሴምበር 10፣ ማክሰኞ

በረዶ። አምስት መኪና ለጠረጋ ወጣ። ሮይስ ስልኩን አያነሳም። ከጠፋ ሁለት ሰዓት አለፈው። ኮሊን ደወለች፤ እዚህ ነው አልኳት። ለምን ዋሸሁ? ኤሊሴዎ ፍለጋ ወጥቷል። እኔም ልወጣ።

ዲሴምበር 11፣ ረቡዕ

ትናንት አገኘነው። ኤሊሴዎ ነው ያገኘው፤ እኔ ከኋላው ደረስኩ።

የድሮው የቫልቭ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ነበር። የመጀመሪያው ትልቅ ደንበኛችን ነበር። ፋብሪካው ከተዘጋ አስራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሕንፃውም ፈርሷል። ሮይስ ያን ባዶ ሜዳ በሙሉ ጠርጎት ነበር። መስመሩ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሏል፤ በረዶው ዳር ዳሩን ተከምሯል፤ የሠራተኛ መግቢያው የነበረበት ቦታ ጨው ሁሉ ተበትኗል። ከሱ የተሻለ የሚጠርግ ሰው በዚህ አውራጃ የለም።

መስኮቱን አወረደልኝ። «ምን ሆናችሁ ነው ሁለታችሁም የመጣችሁት? ወደ ማብቃቱ ነኝ። በአንድ ሰዓት ይከፍታሉ።»

ከሌሊቱ አስር ሰዓት የወጣ ሰው ነው። ያን ጊዜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ሆኗል።

ቀልድ ፈለግሁ። አላገኘሁም። «ጥሩ አድርገህ ጠርገሃል» አልኩት። ወደዚያኛው ወንበር ተሻገረልኝ፤ እኔ ነዳሁ። ኤሊሴዎ ከኋላችን ቀስ እያለ ተከተለን። መንገዱን ሙሉ ሮይስ ራዲዮ እየሰማ አፏጨ።

ዲሴምበር 12፣ ሐሙስ

ኮሊን ቢሮ መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ ቆመች።

«አውቀሽ ነው የምትቀልጂው ወይስ ሳታውቂ?»

ወንበር ሳብኩላት።

«ሐኪሙ በኦገስት ነው የነገረን» አለች። የበሽታውን ስም ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ልነግርሽ ነበር። እሱ ‘ግሌንዳ ካወቀች መኪና ላይ አታስወጣኝም’ ብሎ አስማለኝ። ከዚያ በኋላ አንቺ በየቀኑ እያየሽው ስትስቂ ታውቃለች፣ ግን ማወቅ አልፈለገችም አልኩ። ጠላሁሽ ግሌንዳ። አንድ ወር ሙሉ።»

«እኔ ደግሞ ልትሸጡብኝ መስሎኝ ነበር።»

ያን ጊዜ ተቀመጠች። «ዋጋውን የጠየቅሁት ያንቺ ግማሽ ስንት እንደሆነ ለማወቅ ነው። ሮይስ ግማሹ የግሌንዳ ነው እያለ ነው የኖረው። ወረቀቱ ላይ ግን የለሽም። ነገ አንድ ነገር ቢሆን ሕጉ ሁሉንም ለኔ ነው የሚሰጠው። ለኔ! ዶማና አካፋ ለማልለይ ሴት።»

ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፤ ከዚያ ስልክ ጮኸ፤ ሚስስ ኦስተርሃውት ናት፤ የመኪና መግቢያዋ በረዶ አልተጠረገም። እያለቀስኩ «አሁን እንልካለን» አልኳት።

ኮሊን ስትወጣ፦ «ጠበቃ አናግሬያለሁ። አእምሮው ደህና በሆነበት ሰዓት ራሱ መፈረም አለበት አለች። ደህና የሚሆነው ጧት ጧት ነው። አንቺ ጠይቂው። እኔ ከጠየቅሁት መኪናውን ልወስድበት ይመስለዋል፤ ቁልፉን ሁለቴ ደብቄበት ሁለቴም አግኝቶታል።»

እንዴት ነው የምጠይቀው? ከታመመ ሰው ላይ ልቀማ?

ዲሴምበር 24፣ ማክሰኞ

ቬርና፦ «መልካም ገና! ደንቡ ተመልሷል።»

«ምን?»

«የበላዩ ፍርድ ቤት እገዳውን ትናንት አነሣው። እስከ ጃንዋሪ 13 አራዝመውልናል።»

ዲሴምበር 27፣ ዓርብ

ቬርና፦ «ደንቡ ቀርቷል።»

«ቬርና፣ ጠጥተሻል?»

«ያው ፍርድ ቤት ነው፤ ሌሎች ዳኞች። መልሰው አገዱት። የፈለገ ይሙላ፤ ያልፈለገ ይተው። እንግዲህ ዝም ብለሽ ተቀመጪ፤ እኔም ልተኛበት።»

ፍርድ ቤቶቹ የኛን የሳሎን መብራት ይመስላሉ፤ ይበራል፣ ይጠፋል። እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ደንቡ ሲበራም ሲጠፋም ጥያቄው እዚያው ነው።

ጃንዋሪ 3፣ ዓርብ

ጧት። ሮይስ ከኔ ቀድሞ ቢሮ ተገኘ፤ ኮሊን አምጥታው ነው። ቡና ቀድቶ ጠብቆኛል። እጁ ላይ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አለ።

«ይሄ ኪሴ ውስጥ ምን ያደርጋል?»

እንደገና ነገርኩት፤ ከመጀመሪያው። ይህን ጊዜ ግን ሁሉንም ነገርኩት። ፒክአፗን፣ ዳሪልን፣ የተጨባበጥንበትን ቀን። ከዚያ ሳላስበው ከአፌ ወጣ፦ «ሮይስ፣ የኔ ግማሽ የታለ?»

ቀና ብሎ ሳያይ የወረቀቱን እጥፋት በጣቱ አስተካከለው።

«ስንት ዓመት ሆነው?»

«አስራ ስምንት።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«አንተስ ለምን አልሰጠኸኝም?»

ቡናውን ፉት አለ። የረሳው መስሎኝ ነበር።

«ደስ ይለኝ ነበር» አለ። «ሰው ‘ባለቤቱ አንተ ነህ?’ ሲለኝ። የሌላ የምንም ነገር ባለቤት ሆኜ አላውቅም ግሌንዬ። ቤቱን የኮሊን አባት ናቸው የሰጡን። ያቺን አንዲት ነገር ወደድኳት።»

ስለ አስራ ስምንቱ ዓመት ይቅርታ ብሎኝ ቢሆን ይህን ያህል አላምነውም ነበር። እኔም ነገርኩት፦ አለመጠየቄ ለሱ አዝኜ ብቻ አልነበረም። ባለቤት ያልሆነ ሰው ጥፋት የለበትም። ደንበኛ ሲቆጣ «ለሮይስ እነግረዋለሁ» እያልኩ ከኋላው ተደብቄ ኖርኩ። ባለፈው ዓመትም ዓይኑን እያየሁ ከቀልድ ኋላ ተደበቅሁ።

«አይተሽ ነበር?» አለኝ።

«አይቼ ነበር።»

«እኔም አይቼ ነበር» አለ። «ደህና ጧት ሳለ እንጨርሰው።»

ጃንዋሪ 8፣ ረቡዕ

ጠበቃዋ ሚስ ታልማጅ ትባላለች፤ ሹራቧ ላይ የድመት ፀጉር አለ። እኔንና ኮሊንን ኮሪደር ላይ አስቀመጠችን። ሮይስን ብቻውን ማናገር አለባት። በሩ ግን ስስ ነው።

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው፣ አቶ ሮይስ?»

«እሱን እህቴን ይጠይቁልኝ። ቀን የምትይዘው እሷ ናት።»

ኮሊን ክንዴን ጨበጠችኝ።

«እሺ። ዛሬ ምን ሊያደርጉ እንደመጡ ይንገሩኝ።»

 ኮሊን ጥፍሯን ቆዳዬ ውስጥ ቀበረችው።

«የእህቴን ግማሽ ድርሻ በኪሴ ይዤ ነው የኖርኩት» አለ ሮይስ። «የትኛው ኪስ እንደሆነ ሳልረሳ ልመልስላት ነው።»

«ያስገደደዎት ሰው አለ?»

«እሷን አያውቋትም። ቡና ስጠኝ ለማለት እንኳን አስራ ስምንት ዓመት ይፈጅባታል።»

ፈረመ። ፊርማው እንደ ድሮው ያው ትልቅ «ሮ» ያለበት ነው። ጠበቃዋ ሁለቴ አንብባ፣ ሁለቴ ጠይቃ፣ ምስክር አስፈረመች። ስንወጣ ሮይስ «ጥሩ ሴት ናት። ግቢዋን ማን ነው የሚያጭድላት?» አለ።

ጃንዋሪ 9፣ ሐሙስ

ቅጹን ሞላነው። ቬርና «ማንም አላስገደዳችሁም እኮ!» ብላ ጮኸች። አውቃለሁ።

ሮይስ አጠገቤ ተቀመጠ፤ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ነኝ። የሱ ስም፣ ግማሽ። የኔ ስም፣ ግማሽ። ስሜን ስጽፍ ሁለት ጊዜ ፊደል ተሳሳትኩ።

«ውሳኔ የሚሰጥ ሰውም ጻፉ ያለው ምኑ ጋ ነው?» አለ።

«ባለድርሻዎች ስለሆንን ሁለታችንም ገብተናል፤ ሌላ አያስፈልግም።»

«እንዲያም ቢሆን እወቂው። የምትወስኚው አንቺ ነሽ። እኔ መኪናው ላይ ያለው ስም ነኝ።»

ከዚያ ቅጹ የመንጃ ፈቃድ ፎቶ ጠየቀ። የኔን አነሣሁ፣ ሰቀልኩ። ሮይስ የሱን ከቦርሳው አወጣ። ፎቶው የዛሬ ስምንት ዓመት ነው፤ ጢም አለው፤ ፀሐይ የመታው ሰው ነው። አንሥቼ፣ ሰቅዬ፣ መልሼ ዘረጋሁለት።

አልተቀበለኝም። እጁን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ካርዱን ትንሽ አየው።

«አንቺው ጋ ይሁን» አለ።

«ሮይስ…»

«የፋብሪካው ግቢ ባዶ ነበር። ኤሊሴዎ ፊት ላይ ነው ያየሁት። ማንም ሰው እንደዚያ አድርጎ ሲያየኝ አልፈልግም።» ተነሣና ጃኬቱን ለበሰ። «ሌላ ሥራ ፈልጊልኝ፤ ባለቤቷ አይደለሽ።»

ካርዱን መሳቢያው ውስጥ አስቀመጥኩት። «ላክ» የሚለውን ተጫንኩ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፈትኩት፤ እንደ ኮሊን፤ ለረጅም ጊዜ።

ማርች 24፣ ሰኞ

ክረምቱን ምንም አልጻፍኩም፤ በረዶው ፋታ አልሰጠንም። ኤሊሴዎን የሥራ ኃላፊ አድርጌዋለሁ፤ በወረቀት፣ በፊርማ። ለማንም ሰው ከእንግዲህ በመጨባበጥ ብቻ ቃል አልገባም።

ቬርና ደወለች። ደንቡ እንደገና በርቶ፣ ጠፍቶ፣ በርቶ፣ ዓርብ ዕለት መንግሥት ራሱ የአገር ውስጥ ድርጅቶችን በሙሉ ነፃ አወጣ።

«በከንቱ ደከምሽ!» አለችኝ።

ለሮይስ ነገርኩት። «የቱ ደንብ?» አለ። አስረዳሁት። ካሰበ በኋላ «እንኳን ዘግይተው ተዉት» አለ።

ኤፕሪል 2፣ ረቡዕ

ሣሩ ነቃ። ስልኩ ከጧት ጀምሮ አላረፈም። ሮይስ ጥግ ባለው ጠረጴዛ ላይ የማጨጃ ስለት ይስላል፤ አዲሱ ሥራው ነው። እጁ ምንም አልረሳም። አርባ ስለት ደርድሯል፤ ወረቀት ይቆርጣሉ።

ከሰዓት አንድ ሰውዬ ደወለ። የአዲሱ የጥርስ ክሊኒክ ግቢ፣ ትልቅ ሥራ ነው፤ በድምፁ የሚጣደፍ ሰው።

«ስለ ዋጋው ከባለቤቱ ጋር መነጋገር እፈልጋለሁ» አለ።

አፌ በልማዱ «ይቆዩ፣ ልጥራልዎት» ሊል ተከፈተ። ዘጋሁት።

«ባለቤቷን እያነጋገሩ ነው» አልኩ።

ሞረዱ ቆመ። ሮይስ ቀና ብሎ አየኝ።

«ዋጋ እንዳትቀንሺለት» አለና ወደ ስለቱ ተመለሰ።

አልቀነስኩም።